ሦስት ሳምንት የወሰደችው እኅት፣ ስድስት ሳምንት የወሰደው ወንድም፦ የብሩሴሎሲስ ሕክምና በቤታችን

ብሩሴሎሲስ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በጀርም የሚመጣ በሽታ ነው። ይህ በሽታ እንዳለበት የተነገረው ሰው ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጣ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ መድኃኒቱ ስንት ዓይነት ነው? ለስንት ሳምንት ነው? ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። እኔና ታናሽ ወንድሜ በአንድ ወቅት፣ ከአንዲት ላም፣ አንድ በሽታ ያዘን፤ የታዘዘልን ሕክምና ግን በዓይነትም በርዝመትም የተለያየ ነበር። እሱ በአንድ ጊዜ ሕክምና ዳነ። እኔ ግን አገረሸብኝና እንደገና ታከምሁ።

ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው የደረሰብኝን፣ ሐኪሞች ያስረዱኝን እና በኋላ እያነበብሁ ያመሳከርሁትን ነው። የመድኃኒት መጠን የምጠቅሰው ለአዋቂ የሚታዘዘው ምን እንደሚመስል እንድታውቁት ብቻ ነው፤ ማንም በዚህ ጽሑፍ ተመርቶ ራሱን እንዳያክም።

የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከቤታችን ጀርባ በረት አለን፤ ወተት ለጎረቤትና ለሻይ ቤቶች እናቀርባለን። ከላሞቻችን አንዷ ወሯ ከገፋ በኋላ ጨነገፈች። እንግዴ ልጁም አልወጣ አለ። በአካባቢያችን እንደሚደረገው እኔና ወንድሜ በእጃችን ስበን አወጣነው፤ በረቱንም ጠረግን። ከሳምንታት በኋላ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሱን አመመን። ጀርሙ ሰው ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ አንዳንዴ ወራት ስለሚቆይ ብዙ ሰው ሕመሙንና ላሟን አያገናኛቸውም።

አመጣጡ አታላይ ነው። ጠዋት ደህና ሰው ትመስላላችሁ። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይላል፣ ማታ ትኩሳቱ ይነሣል፣ ሌሊት ላቡ አንሶላውን ያርሰዋል። ወገብና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ምግብ ያስጠላል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ድካሙና አብሮት የሚመጣው የመንፈስ መውደቅ ነበር፤ የሞተ ሰው ያለ ይመስል ዝም ብሎ ማልቀስ ያሰኘኝ ነበር። ይህ የበሽታው አንዱ ጠባይ መሆኑን በኋላ ሐኪም ሲነግረኝ ትልቅ ሸክም ከላዬ ወረደ። ወንድሜ ደግሞ አንደኛው የዘር ፍሬው አብጦበት ነበር፤ አፍሮ ለእኔ አልነገረኝም፤ ለሐኪም ግን ተናገረ። ያ ምልክት ምርመራውን ያፋጠነለት ይመስለኛል። ወንዶች ይህን አትደብቁ።

እኔ ግን ብዙ ተንከራተትሁ። በእኛ አገር ትኩሳት ያለው ሰው መጀመሪያ የሚመረመረው ለወባና ለታይፎይድ ነው። ደምቢያ ድረስ እየወረደ ለሚመለስ የጎንደር ሰው ወባ መጠርጠሩ ትክክል ነው። የታይፎይዱ የደም ምርመራ ግን ያለፈ ሕመምንም ሆነ ሌላ ጀርምን እንደ ታይፎይድ ሊያሳይ ይችላል። ለእኔም ታይፎይድ ተባለ፣ መድኃኒት ወሰድሁ፣ ትኩሳቱ ጥቂት ጋብ ብሎ ተመለሰ። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ “ከብት አላችሁ? ጥሬ ወተት ትጠጣላችሁ? የጨነገፈች ላም አለች?” ብሎ ጠየቀኝ። ሮዝ ቤንጋል የሚባለው ፈጣን የደም ምርመራ ተሠራልኝ፤ ብሩሴላ፣ ማለትም የዚህ በሽታ ጀርም፣ አለ ተባለ።

አንድ የግል ክሊኒክ ዶክሲሳይክሊን አዘዘልኝ፤ ጠዋትና ማታ መቶ ሚሊ ግራም፣ ለሦስት ሳምንት። ይህ 42 እንክብል ነው። ሌላ መድኃኒት አልተጨመረበትም። አንዷንም ሳላጓድል ዋጥሁት። ትኩሳቱ በመጀመሪያው ሳምንት ጠፋ፣ ምግብ መብላት ጀመርሁ፣ ወደ በረቱ ተመለስሁ። በቤታችን “ተሻላት” ተብሎ ቡና ተፈላ። መድኃኒቱ ካለቀ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ግን ያው ላብ፣ ያው የወገብ ቁርጥማት፣ ያው የማታ ትኩሳት ተመለሰ።

ወንድሜ የታከመው ሌላ ቦታ ነው። የታዘዘለት ያው ዶክሲሳይክሊን ሲሆን ርዝመቱ ግን ስድስት ሳምንት ነበር፤ ማለትም 84 እንክብል። በላዩ ላይ በየቀኑ አንድ ግራም የስትሬፕቶማይሲን መርፌ፣ ለሁለት ሳምንት። ያኔ “እትዬ፣ አንቺ በግማሹ ዳንሽ፤ እኔን ለምን ያሠቃዩኛል?” ይለኝ ነበር። እኔም መልስ አልነበረኝም። ሕመሙ ሲያገረሽብኝ ሁለታችንም መልሱን አገኘነው።

ሁለተኛ ጊዜ ያከሙኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጊዜ ሰጥተው አስረዱኝ። ብሩሴላ በደም ውስጥ እንደልቡ ሲዋኝ የሚገኝ ጀርም ብቻ አይደለም። ጀርሞችን እየዋጡ የሚያጠፉ ነጭ የደም ሴሎች አሉን፤ ብሩሴላ በእነርሱ ይዋጣል፣ ነገር ግን ሳይሞት እዚያው ውስጥ ተደብቆ ይራባል። ከዚያ ወደ ጉበት፣ ጣፊያ፣ መቅኔ፣ አጥንትና መገጣጠሚያ ይደርሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ትኩሳቱ የሚጠፋው በግልጽ ያለው ጀርም ስለሚመታ ነው፤ የተደበቀው ግን ገና አለ። ሰርዶ ከላይ ሲያጭዱት የጠፋ መስሎ ከሥሩ እንደሚያቆጠቁጠው ማለት ነው። ለዚህም ነው የመድኃኒቱ ርዝመት በሕመምተኛው ስሜት የማይለካው።

ሁለት መድኃኒት የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዶክሲሳይክሊን ሴል ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ስትሬፕቶማይሲን ወደ ሴል የመግባት አቅሙ ደካማ ቢሆንም ውጭ ያለውን ጀርም በኃይል ይገድላል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

የዓለም የጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ምክር እስከ ዛሬ የብዙ ሐኪሞች መነሻ ነው፦ ዶክሲሳይክሊን በቀን ሁለት መቶ ሚሊ ግራም ለስድስት ሳምንት፣ ከእርሱ ጋር ወይ ሪፋምፒሲን በቀን ከስድስት መቶ እስከ ዘጠኝ መቶ ሚሊ ግራም ለዚያው ስድስት ሳምንት፣ ወይም ስትሬፕቶማይሲን ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት። በስትሬፕቶማይሲን ቦታ ጄንታማይሲን ከሰባት እስከ አሥር ቀን የሚሰጡም አሉ።

“የእኔና የወንድሜ ታሪክ የአጋጣሚ ጉዳይ ቢሆንስ?” ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። የሁለት ሰው ታሪክ በእርግጥ ማስረጃ አይሆንም። እኔ አንድ መድኃኒት፣ እሱ ሁለት መድኃኒት ስለወሰድን የሳምንቱ ቁጥር ብቻውን ምን ያህል እንደሠራ ከእኛ ቤት መለየት አይቻልም። ስለዚህ ብዙ ሰዎችን ያወዳደሩትን ጥናቶች ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሠላሳ ያህል የንጽጽር ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ሥራ ታትሟል። ከእርሱ የወጣው ነገር ለእኔ ግልጽ ነው፦ በአንድ መድኃኒት ብቻ የታከሙት ሁለት ከወሰዱት ይበልጥ አልዳኑም ወይም አገረሸባቸው፤ አጭር ጊዜ የታከሙትም ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከታከሙት ይበልጥ አገረሸባቸው። ከሁለቱ የስድስት ሳምንት ጥምረቶች ደግሞ መርፌ ያለበት ሪፋምፒሲን ካለበት የተሻለ ውጤት አሳይቷል። የእኔ የመጀመሪያ ሕክምና በሁለቱም ጎድሎ ነበር፤ አንድ መድኃኒት፣ በዚያ ላይ አጭር።

ሙሉውን ሕክምና የወሰደም ቢሆን ፈጽሞ አያገረሽበትም ማለት አይደለም። ከመቶ ሰዎች ከአምስት እስከ አሥራ አምስት የሚሆኑት ሊያገረሽባቸው እንደሚችል ይነገራል፤ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ ነው። ለእኔ ተስፋ የሰጠኝ ነገር የሚያገረሸው ጀርም በአብዛኛው መድኃኒቱን ስለለመደ አለመሆኑ ነው። ያው መድኃኒት በትክክለኛው ጥምረትና ርዝመት ሲሰጥ ይሠራል። ያገረሸበት ሰው “ከእንግዲህ መድኃኒት የለኝም” ብሎ አይዘን።

እኔ ለሁለተኛው ዙር መርፌውን አልወሰድሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ አንደኛው ጆሮዬ ደካማ ነው፤ ስትሬፕቶማይሲን ደግሞ መስሚያንና የሰውነት ሚዛንን ሊጎዳ ይችላል፤ ኩላሊት ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ለስድስት ሳምንት ታዘዘልኝ። ከዚያ በፊት ግን የሳንባ ነቀርሳ እንደሌለብኝ ተመረመርሁ። ሪፋምፒሲንም ስትሬፕቶማይሲንም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ናቸው። ነቀርሳ ያለበት ሰው ሳይታወቅ በከፊል ቢወስዳቸው ነቀርሳው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ሌሊት ማላብና ክሳት በሁለቱም በሽታዎች ስላለ ይህ ምርመራ አይዘለል።

ስድስት ሳምንት መድኃኒት መዋጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የረዳንን ልንገራችሁ።

ገንዘቡን በመጀመሪያው ቀን አስቡት። ሙሉውን መግዛት የሚቻል ከሆነ ይገዛ፤ ካልተቻለ የሚቀጥለው ከየት እንደሚመጣ ከወዲሁ ይታወቅ። ሰው መድኃኒት የሚያቋርጠው በሦስተኛው ሳምንት፣ ሲሻለውና ገንዘቡ ሲያልቅ ነው። የጤና መድን መታወቂያ ያላችሁ፣ መድኃኒቱ በተቋሙ መድኃኒት ቤት መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሪፋምፒሲን በየሰፈሩ መድኃኒት ቤት እንደልብ አልተገኘልንም፤ የታዘዘልኝ ቦታ ራሱ ነው ያገኘሁት።

ዶክሲሳይክሊን በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ፤ ከዋጡ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኛም። ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ወንድሜ ማታ ጋደም ብሎ በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጦ ደረቱ ለቀናት አቃጥሎት ነበር። ከወተት፣ ከጨጓራ ማስታገሻና ከብረት እንክብል ጋር አይወሰድም፤ ሰውነት መድኃኒቱን እንዳይቀበል ያደርጉታል። ባዶ ሆድ ላይ የሚያቅለሸልሸው ሰው ቀለል ያለ ምግብ ቀምሶ ይውሰድ። ሪፋምፒሲኑ ግን በተቃራኒው ባዶ ሆድ ላይ ይሻላል፤ እኔ ጠዋት ከቁርስ አንድ ሰዓት ቀድሜ እወስደው ነበር።

የወንድሜ ሕክምና በዐቢይ ጾም ላይ ወደቀ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ የጠዋቱን እንክብል እንዴት ይውሰድ? ለንስሐ አባታችን ነገራቸው። “መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ፤ ቁርስህንም ቅመስ፤ ስትድን ትጾማለህ” አሉት። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት የጠዋቱን እየዘለለ አንዱን ብቻ እንደሚውጥ ስለማውቅ ነው። አባቶችን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታጓድሉ። ጠበል የምትጠመቁም ጠበሉንና መድኃኒቱን አብራችሁ ያዙ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋል። የጎንደር የበጋ ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለም። ወንድሜ በረት ሲውል አንገቱና የእጁ ጀርባ ተቃጥሎ ተላጠ፤ ከዚያ በኋላ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ለበሰ። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ብርቱካንማ ያደርጋል። ይህ ደም አይደለም፣ አያስደነግጥ። ዓይን ወይም ቆዳ ቢጫ ከሆነ ግን ጉበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ሴቶች ይህን አስተውሉ። ሪፋምፒሲን የወሊድ መከላከያ እንክብልንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ኃይሉን ይቀንሰዋል። እኔ በክንዴ ያለኝን ሐኪሙ ስለጠየቁኝ ተነገረኝ፤ መድኃኒቱን በምወስድበት ጊዜና ካቆምሁ በኋላም ለአራት ሳምንት ኮንዶም እንድንጨምር ተመከርን። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ወይም ሌላ ቋሚ መድኃኒት የምትወስዱም ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ሪፋምፒሲን ከብዙዎቹ ጋር ይጋጫል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትና ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ በተለምዶ ሌላ ጥምረት ነው የሚታዘዝላቸው፤ ከቤታችሁ አዋቂ የተረፈውን ለልጅ አትስጡ።

የመርፌው ችግር መመላለሱ ነው። በየቀኑ፣ እሑድም፣ በዓልም። ወንድሜ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ በማዘዣው እንዲወጋው አስቀድሞ ተነጋገረ፤ ለእሑድና ለበዓል ተረኛው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ጆሮ ውስጥ ጩኸት ወይም ማዞር ቢሰማው ለሚቀጥለው መርፌ ከመምጣቱ በፊት እንዲናገር ተነግሮት ነበር። ደግነቱ አልደረሰበትም።

ስድስት ሳምንትም የማይበቃበት ሁኔታ አለ። ክትትል ስመላለስ ከቆላ ድባ ከመጡ አንድ አዛውንት ጋር ወረፋ እንጠብቅ ነበር። ጀርሙ አከርካሪያቸው ላይ ተቀምጦ ሰው ደግፏቸው ነበር የሚሄዱት። የእርሳቸው ሕክምና ቢያንስ ሦስት ወር እንደሆነ ነግረውኛል። አከርካሪ፣ የልብ ክፍል ወይም አንጎልና ነርቭ ሲነካ ሕክምናው ወራትን ይወስዳል፤ ልብ ላይ ከሆነ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ መቆም የሚከለክል የጀርባ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ፣ ብርቱ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው “ስድስት ሳምንት ይበቃል” ተብሎ የተጻፈውን ይዞ አይቀመጥ። ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው በምርመራ ውጤት ይጨነቃል። ሮዝ ቤንጋል የሚያሳየው ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህ ደግሞ ከዳኑ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ በደም ውስጥ ይቆያል። ወንድሜ ደህና ሆኖ ሳለ ምርመራው “አለ” ብሎት ደንግጦ መድኃኒት እንደገና ሊጀምር ነበር። ሐኪሙ ግን ትኩሳት፣ ላብና ሕመም እንደሌለው አይተው አያስፈልግህም አሉት። እንደ እኔ ምልክቱ የተመለሰበት ሰው ደግሞ ያለፈው ውጤትና የወሰደው የመድኃኒት ዓይነት ያለበትን ወረቀት ይዞ ይሂድ። እኔ የመጀመሪያውን ማዘዣ በማስቀመጤ ሐኪሙ ሕክምናው የጎደለው በምን እንደሆነ በአንድ እይታ ለዩት። በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር እንድታይ ተቀጥሬ ሄጃለሁ፤ ደህና ነኝ።

ማገርሸት ሳይሆን እንደገና መያዝም አለ። ላሟ እዚያው በረት እያለች ሰው ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። ጎንደር የሰው ሐኪምም የእንስሳት ሐኪምም የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት፤ ከላሞቻችን ደም ተወስዶ ተመረመረ። የጨነገፈችው ላይ ተገኘ። የተያዘች ላም በሚቀጥለው ጊዜ በደህና ልትወልድ ትችላለች፤ ያ ድናለች ማለት አይደለም፤ በወተቷ ጀርሙን ልታወጣ ትችላለች። ላምን በመድኃኒት ማከምም የሚመከር አይደለም። ገበያ አውጥተን ለሌላ ቤተ ሰብ መሸጥ ሕሊናችን አልፈቀደም፤ በእንስሳት ሐኪሙ ምክር ወደ ቄራ ሄደች። ለእኛ ትልቅ ኪሳራ ነበር። የወተት ደንበኞቻችንንም አንድ በአንድ ነግረን አፍልታችሁ ጠጡ አልናቸው፤ ጥቂቶቹ ቀሩብን፣ አብዛኞቹ አመሰገኑን።

ማልታ በምትባለው ደሴት ለነበሩ የብሪታንያ ወታደሮች ይህ በሽታ “የማልታ ትኩሳት” ነበር። የጦር ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ ጀርሙን በማልታ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው፤ ከፍየል ወተት እንደሚመጣ ግን እስከ 1905 አልታወቀም። በሚቀጥለው ዓመት ወታደሮቹ ጥሬ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ ሲከለከል ሕመሙ በፍጥነት ወደቀ። በእኛም ቤት የተለወጠው ይኸው ነው፤ ወተት ሳይፈላ አይቀመስም፣ እርጎም ከፈላ ወተት ይረጋል። ጥሬ ጉበትና ዱለት ለበዓልም ቢሆን ቀርቷል። ላም ስትወልድ ወይም ስትጨነግፍ ወንድሜ ረጅም ጓንት ያደርጋል፤ እንግዴ ልጁን ውሻ እንዳይጎትተው ኖራ ነስንሶ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀብረዋል። ነፍሰ ጡርና ልጆች በዚያ ሰዓት በረት አይገቡም።

በቤታችሁ አንድ ሰው ብሩሴሎሲስ ከተባለ ያንኑ ወተት የጠጡትን፣ ያችኑ ላም ያዋለዱትን ሁሉ ጠይቋቸው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የወገብ ሕመም ያለበት ካለ አብሮ ይመርመር፤ ሐኪሙንም መድኃኒቱ ስንት ዓይነት እንደሆነና ለስንት ሳምንት እንደሚወሰድ ይጠይቅ።